ለአጎቴ ጊደር ያቆየሁት ኮርማ

ሰው በድንበር ይጣላል፣ በውርስ ይካሰሳል። እኔ ከአባቴ ወንድም ጋር የተቆራረጥኩት በኮርማ ነው። ይህን ሳወራ ጭሮ ያሉት ደንበኞቼ ይስቃሉ፤ እኔ አልስቅም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ባጃጆች ተደርድረው ሰው የሚጠሩበት መንገድ ዳር ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ እግሬ ከስፌት መኪናዬ መርገጫ አይነሳም። እጄ ጨርቅ ሲገፋ ሆዴ ደግሞ ቂሙን ሲያመነዥክ ዓመታት አልፈዋል።

የእናቴ ማሳ ትንሽ ናት። ከበደሳ ወደ ቦኬ በኩል መኪና እስከሚደርስበት ተሂዶ፣ ከዚያ ቁልቁል በእግር ይወረድላታል። ከላይ ማሽላ አለ፤ ከቤቱ ጎን ጥቂት ጫትና ቡና። ከታች፣ ምንጩ ዳር፣ በጋ ከክረምት ሣር የማይጠፋባት ቁራጭ መሬት አለች። ከምንጩ ማዶ ያለው የአጎቴ ነው። አባቴ ሲሞት ለእናቴ አንዲት ላምና ያቺ ማሳ ቀሩላት፤ አጎቴ ደግሞ ዓይኑን ሣሯ ላይ ጣለ።

የተዝካሩ ድንኳን ሳይነሳ እናቴ አጠገብ ተቀመጠና «እትዬ፣ እዚህ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ልጅሽ ጭሮ ቤት አላት። መሬቱን እኔ አይልሻለሁ» አላት። እናቴ ሻሿን አስተካከለችና «የማልባት ላም እያለችኝ የትም አልሄድም» አለችው። እኔ ነገሩን እንደ ዋዛ ሰምቼ አሳለፍኩት። አጎቴ ግን በደንብ ሰምቷታል። ላሟ ከሌለች እናቴም አትኖርም ማለት ነው፤ እናቴ ከሌለች ደግሞ ሣሩ የእሱ ነው።

ላሟ ዕድሜዋ ገፍቶ ነበር። በድርቁ ጊዜ ጥጃዋ ሞተባትና ወተቷ እየቀነሰ ሄዶ ነጠፈች። ዝናብ ዘንቦ ሣር ሲበቅል ሥጋ አወጣች፣ ፀጉሯ ለሰለሰ፤ አንድ ጠዋት ግቢውን በጩኸት አናጋችው። ኮርማ ፈልጋለች። እናቴ ደስ ብሏት ከማሽላው አገዳ ቆርጣ አሰረች።

በእኛ አገር ኮርማ አይከለከልም። እሳትና ውሃ እንደማይከለከል ነው። ላምህ የጮኸች ቀን ኮርማ ወዳለው ቤት ትነዳታለህ፤ ለኮርማው የሚሆን አንድ እስር አገዳ ትይዛለህ፤ ባለቤቱ አገዳውን ተቀብሎ ኮርማውን ይፈታል። አለቀ። ክፍያ የሚባል የለም። የተኳረፉ ሰዎች እንኳ ላሟን በሌላ ሰው ያስነዳሉ እንጂ በዚህ አይጨካከኑም። በሰፈሩ ደህና ኮርማ የነበረው አጎቴ ነው፤ ቀይ፣ ሻኛው የቆመ፣ ደረቱ የሰፋ።

አጎቴ ደጁ ላይ ጫቱን ይዞ ተቀምጦ ነበር። እናቴ አገዳውን በራሷ ተሸክማ፣ ላሟን በገመድ ይዛ ፊቱ ቆመች። ከተቀመጠበት ሳይነሳ «ሰንጋ ሊሆን ነው፤ አላስነካውም» አላት።

«አንድ ጊዜ እኮ ነው» አለችው።

«ሴትዮ፣ ከብቴን አታክሺብኝ!»

ዕድሜ ልኩን እትዬ ሲላት የኖረ ሰው ነው። እናቴ ዞረች። አገዳውን እንደተሸከመች፣ እየጮኸች ወደ ኋላ የምትጎትታትን ላም እየሳበች፣ የመጣችበትን መንገድ ተመለሰች።

ይህን እናቴ አልነገረችኝም። የነገረችኝ ከአጥራችን ማዶ ያለችው ኦሮሞ ጎረቤታችን ናት፤ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥታ ደወለችልኝ። «ወላሂ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት» አለችኝ። «እናትሽ አገዳውን ይዛ ሄደች፣ አገዳውን ይዛ መጣች። ያ ረቢ! አቦ፣ አጎትሽ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ስልኩን ዘግቼ መቀሱን ወረወርኩት። ግድግዳውን መትቶ የደንበኛ ቀሚስ ላይ ወደቀ። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ያ ተመልሶ የመጣ አገዳ አንገበገበኝ። እናቴ በዚያ ዕድሜዋ ስጦታ ተሸክማ ሄዳ ስጦታዋን ተሸክማ ስትመለስ፣ ከየአጥሩ ጀርባ ስንት ዓይን እንዳያት አሰብኩ።

ክፋቱ፣ ሽማግሌ ልልክበት እንኳ አልችልም። በእኛ አገር ሰንጋ የሚያደልብ ሰው ላይ ማንም አፉን አይከፍትም። የሐረርጌ ሰው ሰንጋውን በእጁ እያጎረሰ ነው የሚያሳድገው፤ ከማሽላው መሀል የሳሳውን እየነቀለ፣ ገለባውን እየመረጠ፣ ከሰው እኩል ያየዋል። ሰንጋ እየቀለብኩ ነው ካለ፣ ኮርማውን መከልከሉ ምክንያት አለው። አጎቴ ምክንያቱን መርጦ ነው የተናገረው። የዘመድ ጥል የሥጋ ትል የሚሉት እውነታቸውን ነው።

ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ቂሙን መተው አልሆን ሲለኝ ጸሎቱን ትንሽ አቆየሁት።

በዚያ ሰሞን በመርፌ የሚያዳቅለው ባለሙያ ሱሪ ሊያሳጥር ሱቄ መጣ። ከጎጃም ተመድቦ በደሳ የሚሠራ፣ ዘሩን ለሚያቀዘቅዝበት ናይትሮጅን ጭሮ የሚመላለስ ቀጭን ሰው ነው። ሱሪውን እስካሳጥርለት ድረስ ሽርጥ አስገልድሜ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩትና ነገሩን አወራሁት። መጀመሪያ ላም ያላት ልብስ ሰፊ ገጥማው አታውቅምና ሳቀ። ቀጥሎ የምሬን መሆኑን ሲያይ አንድ በአንድ ያስረዳኝ ጀመር።

«ወይፈን ብትገዢስ?» አለኝ።

«ምን ይበላል? ለእሷም ሣሩ እየተለካ ነው።»

«እንግዲያው ላሟን ቦኬ ድረስ መንዳት ነው፤ እዚያ ደህና ኮርማዎች አሉ።»

«አሮጊት ናት። እዚያ እስክትደርስ የፈለገችውን ትረሳዋለች።»

«ስለዚህ መርፌ» አለና ጉልበቱን መታ። «ግን እህቴ፣ ትልቁን የፈረንጅ ዘር አላስገባላትም። ጥጃው ይገዝፍና አልወጣ ብሎ ላሟን ይገድላታል። ጀርሲ ነው የሚሻላት፤ ጥጃው ትንሽ ነው፣ ወተቱ ቅባት አለው፣ ብዙ አይበላም። ችግሩ ዘሩ አይደለም፣ ችግሩ እኔ ነኝ። አንድ ሰው፣ አንድ ሞተር። ጠዋት ከጮኸች ከሰዓት መድረስ አለብኝ፤ ማታ ከጮኸች በማግስቱ ጠዋት። ካለፈ አለፈ ነው።»

«ከሁሉም አጎቴን የሚያንገበግበው የቱ ነው?» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እኔ ክሩን በጥርሴ በጥሼ ሱሪውን ሰጠሁት።

የመጀመሪያው ሳይሆን ቀረ። እናቴ ጠዋት አስደወለች፤ ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነበር። በማግስቱ ሲደርስ ላሟ ተረጋግታ ሣሯን ትግጣለች፤ እጁን ታጥቦ ተመለሰ። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ዝናብ ያዘው፤ ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ገባ፤ እየገፋ ደርሶ መርፌውን አደረገላት። ተስፋ አደረግን። ሦስት ሳምንት ሲሞላ ላሟ ተመልሳ ጮኸች። አልያዘችም።

አጎቴ ይህን ሁሉ ከማዶ ሆኖ ያያል። በደሳ ገበያ ላይ ቆሞ «የወንድሜ ሚስት ላም ባሏ በሞተር ይመጣላታል» ብሎ ሰዉን አሳቀ። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» አለም አሉ። የሰንጋ ነጋዴ እዚያው ሲያናግረውም ስለ ምንጩ ዳሩ ሣር እያወራ «ለከርሞ እዚያ ነው የማደልበው፤ የእኔ ነው» ብሎታል። ይህንንም የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት፤ በዚያ ቀን ሦስት እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ፈታሁ።

እናቴ የወተት ጮጮዋን አጥባ፣ አፏን ደፍታ ግድግዳ ላይ ሰቀለቻት። ልጠይቃት ስሄድ አየሁት። «ለምን ሰቀልሻት?» አልኳት። «ባዶ ዕቃ መሬት ላይ ምን ያደርጋል» አለችኝ። የእናቴን ነገር አውቃለሁ፤ ለመሄድ እየተሰናዳች ነበር። ላሟን ላራጅ ሸጣ፣ ከእኔ ጋር አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ የባጃጅ ጥሩንባ እየሰማች ልትሞት። አጎቴም ይህንኑ ነበር የሚጠብቀው። ላሟ ከቀጣዩ ጩኸቷ በቀር ሌላ ዕድል እንደሌላት ሁላችንም ገብቶናል።

የላሟ ቀን ሲቃረብ ሱቄን ዘጋሁ። የበዓል ሰሞን ነው፤ ያልተሰፋ ልብስ እስከ ጣሪያ ተከምሯል፤ ደንበኞች ረገሙኝ። ሄጄ ላሟ አጠገብ በርጩማ ይዤ ተቀመጥኩ። ጎረቤታችን የራሷን ላም አምጥታ ግቢያችን ውስጥ አሰረችልን፤ ላም ላም ላይ ስትወጣ ነው ቁርጡ የሚታወቀው ብላ። «አንቺ ስፌትሽን እንጂ ላም አታውቂም» አለችኝ። «ያቺ ስትወጣባት ያንቺ ከሸሸች ገና ነው። ዝም ብላ ከቆመች ግን ሩጪ።»

አንድ ጠዋት ዝም ብላ ቆመች። ከኋላዋ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ወረደ። ነጠላዬን ጥዬ ወደ ጉብታው ሮጥኩና ደወልኩ። ባለሙያው ሞተሩ ተበላሽቶ ነበር፤ ጫት አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ላይ፣ የናይትሮጅን ጋኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣ። ቁልቁለቱን እኔ ጋኑን በአንድ ጆሮ፣ እሱ በሌላው ይዘን ወረድን። አጎቴ ማዶ ቆሞ ያይ ነበር። ባለሙያው እጁን ክርኑ ድረስ አስገብቶ ሥራውን ሲሠራ እናቴ የላሟን ግንባር እያሻሸች ጆሮዋ ውስጥ ታወራታለች። እኔ ደግሞ ማዶ ማዶውን ሳይ ነበር፤ አጎቴ ፊቱን ሳያዞር በፊት ዓይኔን ላለመንቀል ምያለሁ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ላሟ ዝም አለች። እናቴ ስልክ ላይ «ዝም ብላለች» ስትለኝ መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እናቴ ቤቷ ውስጥ ልትቀመጥልኝ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን አጎቴ ተሸንፎ ስለሚያይ ነው። ውሸት ምን ይሠራል።

በመሀሉ አጎቴ ኮርማውን ሸጠው። ለዓረፋ፣ ዋጋ በወጣበት ሰሞን፣ ስለ ሣሩ የነገረው ያ ነጋዴ ገመዱን ይዞለት በአይሱዙ ጫነው። የሰፈሩም ሰው ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል፤ ጎረቤታችን ራሷ ከዚያ በፊት ደህናውን ወይፈኗን ሸጣለች። የእኛ ሰው ስህተቱ ይሄ ነው። ወይፈን አማረ፣ ደረቱ ሰፋ፣ ሻኛው ቆመ ካለ ተቀልቦ ወደ ከተማ ይጫናል፤ ነጋዴ ዞር ብሎ የማያየው ኮሳሳው ሰፈር ይቀርና ላም ያጠቃል። ምርጡን እንበላለን፣ ምናምንቴውን እናራባለን፤ ከዚያ ከብታችን አነሰ ብለን እናማርራለን። አጎቴ ሲሸጥ ለዘር የሚሆን አላስቀረም። ያስቀረው አንዲት ጊደር ብቻ ነበር፣ የዚያ ኮርማ ልጅ፤ እሷን እንደ ዓይኑ ብሌን ያያታል።

ላማችን ወለደች። እናቴ ሴት ስትመኝ ወንድ ሆነ። ጎረቤታችን «አልሀምዱሊላህ፣ ዋናው ወተቱ ነው» አለች፤ እናቴም ጮጮዋን ከግድግዳው አወረደቻት። እኔ ግን ወንድ መሆኑን ስሰማ ከእናቴም ከጎረቤታችንም በላይ ነበር የፈነጠዝኩት። ጥጃው ዳማ ነው፤ ፊቱ ጠቆር ያለ፣ አፉ ዙሪያውን ነጭ ቀለበት ያለበት። ወተት ጠጥቶ አፉን ያልጠረገ ይመስላል። በዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ አፍ ያለው ከብት ታይቶ አይታወቅም።

አደገ፣ ወይፈን ሆነ፣ ነጋዴዎች ይመላለሱ ጀመር። እናቴ «ወንድ አይደል፣ ይሸጥ» አለች። «አይሸጥም» አልኳት። «ለምንሽ ነው?» ስትለኝ «ለዘር» አልኩ። አየችኝ፤ ሌላ አልጠየቀችኝም። የማስበውን ግን ልንገራችሁ። አጎቴ አንድ ቀን ያቺን ጊደር ይዞ፣ አገዳ ተሸክሞ ደጃችን ይመጣል። ያኔ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ «ሰንጋ ሊሆን ነው፤ አላስነካውም» እለዋለሁ። ይቺን ዓረፍተ ነገር መኪናዬ ላይ እየሰፋሁ ስንቴ እንደተለማመድኳት አልነግራችሁም። አንዳንዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ እላትና ልብስ የምትለካ ደንበኛ ትደነግጥብኛለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔም እንዳልረሳው በየቀኑ እከልሰው ነበር።

ኮርማው ሲደርስ የጎረቤታችን ላም መጀመሪያ መጣች። ከዚያ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አገዳውን እየያዘ መጣ፤ እናቴ ለሁሉም ፈታች። ለወለደችው ላም ብቻ አልፈታንላትም፤ ባለሙያው «እናቱን እንዳያጠቃ፣ ጥጃው ደካማ ይሆናል» ብሎ አስጠንቅቆን ስለነበር የእሷ ቀን ሲደርስ ኮርማውን ጎረቤት ቤት እናስረው ነበር። አጎቴ ብቻ አልመጣም። ጊደሯ ስትጮህ ሰፈር ወደቀረው ኮሳሳ ወሰዳት፤ አልያዘችም። ደግሞ ወሰዳት፤ አልያዘችም። ሲጨንቀው ሲስቅበት የነበረውን መርፌ ፈለገ። ባለሙያው ግን ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ነበር፤ ተተኪም ገና አልመጣም። ይህን በሰማሁ ቀን ለአጠገቤ ሱቆች ሠራተኞች ለስላሳ ጋበዝኩ።

ከዚያ ጎረቤታችን ደወለች። «ራዳዋ፣ ያቺ የአጎትሽ ጊደር፣ ደግሞ ልትጮህ ነው፤ ዘንድሮ ካልያዘች መከነች ብሎ ሊሸጣት ነው አሉ። ሚስቱን ማሽላ ማሳ ውስጥ አየኋት፣ አገዳ ትመርጣለች። አቦ፣ የሚመጣ ይመስለኛል» አለችኝ። ስልኩን ሳልዘጋ መቀሴን ሰቅዬ ወጣሁ።

ደርሼ ኮርማውን አጠብኩት። ደጃፉ ላይ አሰርኩትና ፊቱ የተመረጠ ገለባ ዘረጋሁለት፤ ሰንጋ የሚቀለብ እንዲመስል። ውሸቴ ልክ እንደ እሱ ውሸት የተሰፋ እንዲሆን ፈልጌ ነው። በርጩማዬንም አጎቴ በዚያ ቀን እንደተቀመጠው አድርጌ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩ።

መጣ። ረፋዱ ላይ ከምንጩ ሽቅብ ጊደሯን እየሳበ ሲወጣ አየሁት። አንድ እስር አገዳ ትከሻው ላይ ነው። አርጅቷል፤ ዳገቱ ላይ ሁለቴ ቆመ። የማዝንለት መስሎኝ ነበር፣ አልሆነም። እየቆመ በወጣ ቁጥር ደስታዬ ጨመረ።

«እንዴት ዋላችሁ» አለ ደጃፉ ላይ ደርሶ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ። ምን እግር ጣለዎት?» አልኩት፣ ከበርጩማዬ ሳልነሳ።

«ጊደሯ…» አለና ገመዱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እሺ፣ ጊደሯ?»

ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ማሽላዋን ከወፍ የምትጠብቅ መስላ ቆማለች፤ ግን አንድም ወፍ አላባረረችም።

«ኮርማ ፈልጋለች። ያንን ኮርማችሁን ብትፈቱልኝ ብዬ ነው» አለ።

እነሆ ቀኔ መጣ። ትንፋሼን ሰበሰብኩ። «ሰንጋ ሊ—» ብዬ ስጀምር እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። አላየችኝም። በቀጥታ ወደ እሱ ሄደች፣ አገዳውን ከትከሻው በሁለት እጇ አወረደችለትና «ምነው ፀሐይ ላይ አቆመችህ? ግባ፣ ጥላው ላይ ሁን» አለችው።

«እማዬ!» አልኩ።

አገዳውን ለኮርማው ጣለችለት፤ ያቀረብኩትን ገለባ በእግሯ ገፋችው። ቀጥላ ገመዱን ፈታች። ጊደሯ ዝም ብላ ቆመች፤ ኮርማው አሽትቶ፣ አንገቱን አንስቶ፣ ሥራውን ሠራ። ጊዜም አልፈጀ። አጎቴ ጊደሯን ይዞ መሬት መሬት ያያል። «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ከስንት ዓመት በኋላ እትዬ አላት።

«ምን አለበት» አለች እናቴ፣ ከአጥሩ ማዶ በሚሰማ ድምፅ። «ኮርማ አይከለከልም እኮ።»

አንገቱን ደፍቶ ወረደ። እኔ በንዴት በርጩማውን በእርግጫ መታሁት። «ስንት ዓመት! ስንት ዓመት ለዚህ ቀን ቆየሁ! ያንን አገዳ ተሸክመሽ ስትመለሺ…» ብዬ ንግግሬ እንባ ሆነብኝ። ስለዚያ ቀን ሁለታችንም አንስተን አናውቅም ነበር። እናቴ ጮጮዋን አንስታ በውሃ አለቀለቀች።

«አንቺ ደጅ ላይ ልትመልሺው ነበር» አለችኝ። «እሱ የአንድ ቀን ነገር ነው። ቤቱ ገብቶ ይሰድበሻል፣ ይበላል፣ ይተኛል። እኔ በየቀኑ ነው የምፈልገው። ጠዋት ጠዋት በረቱን ሲከፍት የዚህን አፍ ይየው» አለችና በጮጮዋ ወደ ኮርማው ነጭ አፍ ጠቆመች። ስንት ዘመን አብሬያት ኖሬ እናቴን ያን ቀን አወቅኳት። እኔስ ይህ ሁሉ ቂም ከማን መጣብኝ እል ነበር።

ጊደሯ ያዘች። ወንድ ጥጃ ወለደች፤ ዳማ፣ ፊቱ ጠቆር ያለ፣ አፉ ዙሪያ ነጭ። ጠዋት ጠዋት ወደ ምንጩ ሲወርድ እናቴ ደጇ ላይ ሆና ታየዋለች። ጎረቤታችን እንደነገረችኝ አጎቴ ሲያልፍ እናቴ ሁልጊዜ ጮክ ብላ «አደገልህ ወይ?» ትለዋለች፤ እሱም «አደገ፣ እትዬ» ይላል። በየቀኑ።

ባለፈው ወደ እናቴ ስሄድ ጨውና ሳሙና ልገዛ በደሳ ገበያ ወረድኩ። ከብት ተራው ዘንድ ሰው ተሰብስቧል። አጎቴ ያንን ወይፈን ይዞ ቆሟል። ድሮ ቀዩን ኮርማ የገዛው ነጋዴ፣ አሁን ደግሞ ለሚያረባ ዘመዱ ወይፈን የሚፈልገው፣ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየ፣ ወገቡን ተጫነው።

«ጃባ ነው ይሄ፣ ጠንካራ» አለ። «አባቱ የማን ኮርማ ነው?»

«የሰፈራችን ነው» አለ አጎቴ።

«ሰፈሩማ ሰፈር ነው። ለዘር ስለሆነ ልወቀው እንጂ። የማን ነው?»

አጎቴ ቀና ሲል እኔን አየኝ። የጨው ከረጢቴን አቅፌ ነጋዴው ጀርባ ቆሜያለሁ። «የወንድሜ ሚስት» አለ ቀስ ብሎ።

«ቤቷ የት ነው?»

«ከምንጩ በላይ ነው። ከሣሩ ዳር።»

ነጋዴው ግንባሩን ቋጠረ። «የትኛው ሣር? ያ ያንተ ነው ያልከኝ አይደለም እንዴ?»

ሰዉ ወደ አጎቴ ዞረ። አጎቴ የወይፈኑን ገመድ እጁ ላይ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠቀለለ።

«የሷ ነው» አለ።

«አልሰማሁም፣ ጋሼ» አልኩት። «የማን አሉ?»

«የሷ ነው!» አለ ጮክ ብሎ፤ ነጋዴውም ምንጩ በየት በኩል እንደሚወረድ ጠየቀው፣ አጎቴም እጁን አንስቶ የእናቴን ቤት መንገድ አሳየው።